በመስታወት የሚነበብ ስም

የሳለውን ቆርጬ ያበዛሁት እኔ ነኝ፤
እጁን እያጠፋሁ ስሙን የተከልኩኝ።
ኦቲልያ ይሉኛል፣ የአናጺው የክራውስ ልጅ፤
ፊላደልፊያ ላይ፣ ከቆዳ ፋቂዎች ደጅ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ መስኮት ሥር ተቀምጬ
ሃያ ሁለት ዓመት ኖርኩ መሮዬን ጨብጬ።

እርሱ የመጣው በሎሚ ጫኝ መርከብ ነው፤
የካፒቴኑን ሚስት ሦስት ጊዜ ሥሎ
ጉዞውን ከፈለ፤ አገጯን አሳንሶ፣ አንገቷን አስረዝሞ፣
«ውሸቴን የጨረስኩት ባሕር ላይ ነው» ብሎ።

ቢጫ እንጨት ነበረ፣ ከቱርክ አገር የመጣ፣
እንደ ጥርስ የጠና፣ ውሃ የማይጠጣ።
ኢልዴፎንሶ ሴንድራ በላዩ ሲያጎነብስ፣
ጢሙ እርሳስ ነክቶት፣ ሻማው እስኪጨርስ፣
ይሰፍርበት ነበር የሳምንቱ ጉድ ሁሉ፦
የተቃጠለ ወፍጮ፣ ሴቶች ከነባልዲው ደጅ ላይ ሲዋልሉ፤
ጎርፍ የነቀለው ድልድይ፤
በረዶ ላይ የወደቀች የትራም ባዝራ፣ ዓይኗ ነጂዋን ሲያይ።

ሁሉም ተገልብጦ ነው። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ።
የራሱንም ስም ከመጨረሻው ይጀምራል፣
እንደሚያፈገፍግ ሰው፦ ሴንድራ።
ወረቀት ሲያርፍበት ነው ፊደሉ የሚቃና፤
እስከዚያው መስታወት ብቻ ያነበዋልና።

ነጩን እጠርባለሁ፤ ጥቁሩን እተዋለሁ።
መስመሩን ዙሪያውን እየዞርኩ እፈለፍላለሁ።
ስጨርስ እርሳሱ የለም፤ ብናኝ ነው፣ ቀሚሴ ላይ፤
ደረጃው ጫፍ ሳራግፈው ነፋስ ይዞት ወደ ሰማይ።
ሐሙስ ማተሚያው ሲያጓራ ሠላሳ ሺህ ሆኖ ይወለዳል፤
ቅዳሜ ዓሣ ይጠቀለልበታል።

«አይቆጭህም?» አልኩት አንድ ቀን።
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ።
«እናቴ መረብ ትቋጥር ነበር፣ ከቫሌንሲያ ዳርቻ፤
መረብ ግን ምንድን ነው? አይደለም ክር ብቻ።
ቀዳዳው ባይኖር ያን ሁሉ ባሕር ማን ይጎትታል?
ክሩን እኔ ልያዝ፤ ቀዳዳውን እጅሽ ያውቃል።»

ሌሊት ሌሊት ለራሱ፣ በዘይት ቀለም፣ በሸራ፣
ያንኑ ዳርቻ ይሥል ነበር፣ ደክሞት ከቀን ሥራ።
ሰማያዊው ውድ ስለሆነ
ባሕሩ ሁልጊዜ አመሻሽ ነው።
የገዛው የለም። አንዱን ሥጋ ሻጩ በዕዳ ወሰደና
በሩ ሥር ወተፈው፤ ብርድ ይገባልና።

በረዶው መስኮቱን በደፈነበት ዓመት
እጁ መንቀጥቀጥ ያዘ። ፈረሱ አምስት እግር አወጣ፣
ጭሱ ከጭስ ማውጫው ጎን ወጣ።
እኔም ምንም ሳልናገር አቃናሁት።
ያልሳለውን ቆረጥኩ። ሳይለምነኝ ዋሸሁለት።
አዘጋጁ ሚስተር ሆልኮም ጋዜጣውን ገልጦ
«ሴንድራ ጎረመሰ!» አለ፣ ሲጃራውን መጥጦ።
ሴንድራ ግን ገጹን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ
ብዙ ቆየ።
«ይህ የሠላሳ ዓመት እጄ ነው» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አላመሰገነኝም። አልተቆጣኝም።
ብቻ በሚቀጥለው ሰሌዳ፣ ጥግ ላይ፣ ከስሙ ጎን፣
አንዲት ክብ ፊደል ነበረች፣ የስሜ መነሻ፤
ቢገለብጧትም ያው ናት፣ መስታወት የማትሻ።

ኋላ ፎቶግራፍ መጣ። ዚንኩን አሲድ ይበላው ጀመር፤
መሮዬን ለሰዓት ሠሪ ሸጥኩ፣ አንዱን ብቻ አስቀርቼ።
እርሱም በመጋቢት ሞተ፤
ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰሌዳ አገኘሁ፣ ሻማ አብርቼ፦
የእኔ ሁለት እጆች፣ መሮ የጨበጡ፤
የእርሱ ነው መንቀጥቀጡ።

አልቆረጥኩትም። አላቃናሁትም።
በጨርቅ ጠቅልዬ ከዳቦው ሣጥን አኖርኩት።
ባየሁት ቁጥር ግን አውራ ጣቴ ትንሽ ትንሽ ያብሰዋል፤
ዘንድሮ የግራ እጄ ትንሿ ጣት የለችም።
ስሙ ገና አለ፣ ወደ ኋላ ተጽፎ።

ብርዱ ሲከፋ፣ ከሰሉ ሲያልቅ፣
ምድጃው ወደ ሣጥኑ ያያል።
እንጨት መሆኑን እርሱም ያውቃል።